የፐልሳሩ ትርታ ከካታሎጉ ጋር አልገጥም ሲል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ጥር 18 ቀን ቢ0329+54 የተባለውን ፐልሳር (እየተሽከረከረ በየዙሩ የሬዲዮ ምት የሚልክልን ኮከብ ነው) በአንድ ትልቅ ዲሽ ለሁለት ሰዓት ተከታትለሃል። መቀበያህ የሚሠራው ከ400 እስከ 420 ሜጋኸርትዝ ነው። ዳታውን በፐልሳሮች ካታሎግ በተጻፈው የትርታ ጊዜ (ከአንድ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ማለት ነው) ቆራርጠህ ስትደራርበው ምንም ጥርት ያለ ነገር አልወጣም። ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲፈልግ ስትለቀው ግን 0.714571 ሰከንድ ላይ ቆንጆ ትርታ አገኘህ። ካታሎጉ የሚለው 0.714520 ነው። «መሣሪያው ተበላሽቶ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ነው ያገኘሁት? ከዚህ ዳታስ ስለ ኮከቡ ምን መለካት እችላለሁ?» ነው ያልከው።

መሣሪያህ ደህና ይመስለኛል። ያገኘኸው ቁጥር ውስጥ ግን ከኮከቡ ሌላ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ አንዱ የመሬት ጉዞ ነው፣ ሁለተኛው የራስህ ሰዓት። እነዚህን ሳትለይ ቁጥሩን የፐልሳሩ ነው ማለት አትችልም። እኔ ይህን የተማርኩት ሦስት ሳምንት ከፍዬበት ነው፤ ትንሽ ቆይቼ አወራሃለሁ።

መጀመሪያ መሬት። በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር ፍጥነቷ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከብርሃን ፍጥነት አንድ አሥር ሺህኛ ይሆናል። ከኮከቡ እየራቅን ስንሄድ እያንዳንዱ ትርታ ከቀደመው ትንሽ የረዘመ መንገድ ተጉዞ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ የትርታው ጊዜ የረዘመ ይመስላል። ወደ ኮከቡ ስንሄድ ደግሞ ያጥራል። ይህ ፐልሳር መሬት ከምትዞርበት ጠለል 34 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል ሙሉው 30 አይነካውም፤ ቢበዛ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። የካቲት አጋማሽ አካባቢ በከፍተኛ ፍጥነት እንርቀዋለን። በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ እሱ እንሄዳለን። አሁን ያንተን ልዩነት እንየው። 51 ማይክሮሰከንድ ነው። ወደ ፍጥነት ሲቀየር በሰከንድ 21.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለጥር 18 የሚጠበቀውም ይኸው ነው ማለት ይቻላል! ሳታስበው የመሬትን ፍጥነት ለክተሃል።

በካታሎጉ ቁጥር ስትደራርብ ለምን እንደጠፋብህም ከዚሁ ይገባሃል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፐልሳሩ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይመታል። በእያንዳንዱ ምት 51 ማይክሮሰከንድ ስትሳሳት መጨረሻ ላይ ግማሽ ሰከንድ ትደርሳለህ። የትርታው ጊዜ ራሱ 0.71 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ምቱ በገጹ ላይ ተዘርግቶ ከኖይዙ ጋር ተቀላቀለ። ካታሎጉ የሚሰጥህ ቁጥር የሥርዓተ ፀሐይ የክብደት ማዕከል ላይ ሆነህ ብትለካ የምታገኘውን ነው። ቴምፖ የሚባለው ፕሮግራም የቴሌስኮፕህን ቦታና ሰዓቱን ካወቀ ይህን ሁሉ ያስተካክልልሃል፤ ፐልሳር የሚፈልገው ፕሬስቶ የተባለው ፕሮግራምም ከእሱ ጋር ይሠራል። የመጀመሪያውን ስሌት ግን በእጅህ ሥራው። የሚያስደስት ስሌት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ «ስህተት» ታሪክ አለው። ጆስሊን ቤል እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ ላይ በ81.5 ሜጋኸርትዝ የመጀመሪያውን ፐልሳር ስታገኝ፣ ምልክቱ የሌላ ፍጡር መልእክት ይሆን የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ቡድኑ ትርታውን ሲከታተል የመሬት ጉዞ የሚያመጣውን የትርታ ጊዜ ለውጥ በግልጽ አየ። ከዚያ ውጪ ግን ምንጩ ራሱ በሌላ ፀሐይ ዙሪያ እንደሚዞር የሚያሳይ ተጨማሪ ለውጥ አልተገኘም። ስለዚህ መልእክቱ ከፕላኔት የተላከ ነው የሚለው ሐሳብ ትልቅ ድጋፉን አጣ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የመጀመሪያ ልኬቴን የሠራሁት በርካሽ መቀበያ ነበር። ያው ያንተው ፐልሳር ነው። የመሬትን ጉዞ አስተካክዬም 14 ማይክሮሰከንድ ተረፈኝ። ትንሽ ትመስላለች። በአንድ ሰዓት ልኬት ግን 70 ሚሊሰከንድ ታንሸራትታለች፣ የምቱ ስፋት ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ኮዴን መረመርኩ። የኮከቡን አድራሻ፣ ማለትም ሰማይ ላይ ያለበትን ቦታ፣ ደግሜ ጻፍኩ። የቴሌስኮፑን ኬክሮስና ኬንትሮስ አጣራሁ። ሁሉም ልክ ነበር። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው፣ ዛሬም አልረሳውም።

የፈታልኝ ሌላ ፐልሳር ነው። ቢ0950+08ን ለካሁ፤ የትርታው ጊዜ 0.253 ሰከንድ ነው። እሱም 5 ማይክሮሰከንድ አተረፈ። 14ን ለ0.7145 ካፈልክ፣ 5ን ለ0.253 ካፈልክ፣ ሁለቱም ከአንድ ሚሊዮን 20 ያህል ይሰጡሃል። ሁለት የማይተዋወቁ ኮከቦች በተመሳሳይ መጠን ሊሳሳቱ አይችሉም። የጋራቸው የእኔ ክሪስታል ነበር። መቀበያው ውስጥ ናሙና የሚቆጥረው ክሪስታል ከሚገባው ፍጥነት ያን ያህል ወጥቶ ነበር። የተሻለ ክሪስታል ያለው መቀበያ ወደ አንድ ሚሊዮንኛ ይወርዳል። ከጂፒኤስ ጋር የታሰረ ማመሳከሪያ ካገኘህ ደግሞ ችግሩ ከነአካቴው ይጠፋል። ስለዚህ ያንተ ቁጥር ከመሬት ጉዞ ጋር በደንብ መግጠሙ ደስ ቢልህም፣ ሁለተኛ ፐልሳር ሳትለካ በሰዓትህ አትተማመን።

ከትርታው ጊዜ በፊት ግን አንድ ነገር እንድትለካ እፈልጋለሁ። ዲስፐርሽኑን፣ ማለትም ምቱ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ በተለያየ ሰዓት መድረሱን። እኔ አዲስ ሰው ሲመጣ ከዚህ ነው የማስጀምረው፤ ምክንያቱም ርካሽ ሰዓት እንኳ አያበላሸውም። ደግሞም የያዝከው ምልክት በርግጥ ከሰማይ የመጣ መሆኑን ከሁሉ በፊት የሚነግርህ እሱ ነው። በከዋክብት መካከል ባለው ባዶ በሚመስል ቦታ ነፃ ኤሌክትሮኖች ተበትነዋል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ በእነሱ መካከል ሲያልፍ ከከፍተኛው የበለጠ ይዘገያል። መዘግየቱ በሚሊሰከንድ ሲሆን 4.15 ሲባዛ በዲስፐርሽን ሜዠሩ (እስከ ኮከቡ ባለው መንገድ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ልክ ነው)፣ ከዚያ በጊጋኸርትዝ የተለካው ፍሪኩዌንሲ ካሬ ሲካፈል ነው። የዚህ ፐልሳር ዲስፐርሽን ሜዠር 26.76 ነው። በአንተ ባንድ ውስጥ መጀመሪያ የ420ው ጫፍ ይደርሳል፤ የ400ው ጫፍ 64 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ይከተላል። ይህ የምቱ ስፋት አሥር እጥፍ ገደማ ነው! በዓይንህ የምታየው ነገር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባንዱን ቢያንስ 64 ቻናል አድርገህ ቁረጠው። እያንዳንዱ ቻናል ውስጥ የሚቀረው መዘርጋት ወደ አንድ ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ከዚያ ቻናሎቹን በአራት ወይም በአምስት ቡድን ሰብስብና ምቱ በእያንዳንዱ ቡድን መቼ እንደደረሰ አንብብ። የመድረሻ ሰዓቱን ከአንድ ሲካፈል ለፍሪኩዌንሲ ካሬ ጋር ስትስለው ቀጥ ያለ መስመር ይወጣልሃል። የመስመሩ ዘንበል ዲስፐርሽኑን ይሰጥሃል። በጫፎቹ መካከል አንድ ሚሊሰከንድ ብትሳሳት ውጤትህ በ0.4 ይዛነፋል። የእኔ የመጀመሪያ ውጤት 26.3 ነበር። ካታሎጉን ከፍቼ 26.76 ሳይ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል።

መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ማለትም ምቱ በሁሉም ቻናል እኩል ሰዓት ከደረሰ፣ እዚሁ መሬት ላይ ያለ መሣሪያ ነው። አንድ ሌሊት ልክ በየሰከንዱ የሚመታ በጣም ጠንካራ ምልክት ይዤ ነበር። ዲስፐርሽኑ ዜሮ ሆነ። እዚያው ክፍል ውስጥ የነበረ የኃይል ማቅረቢያ ነበር። የዲስፐርሽኑ ሥዕል ሳይያያዝ «ፐልሳር አገኘሁ» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ሥዕል ነው።

ከዲስፐርሽን ርቀት ማግኘት ይቻላል፤ ግን በጥንቃቄ። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.03 ኤሌክትሮን አለ ብለህ ካሰላህ 890 ፓርሴክ፣ ማለትም ወደ 2,900 የብርሃን ዓመት ይመጣል። ኤሌክትሮኑ ግን በየቦታው እኩል አይደለም። ለመጀመሪያው ፐልሳር እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው ርቀት 65 ፓርሴክ ነበር፤ ያኔ 0.2 ኤሌክትሮን ተብሎ ስለተገመተ ነው። በ0.03 ቢሰላ 400 ፓርሴክ ያልፋል። ልኬቱ ጥሩ ሆኖ ግምቱ እንዲህ ሊያሳስት ይችላል።

ፐልሳሩ እየዘገየ መሆኑን ማየት ትችል እንደሆነም ጠይቀሃል። በአንድ ሌሊት አይሆንም። የትርታው ጊዜ በዓመት የሚረዝመው 65 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ተስፋ አትቁረጥ ግን፤ ትንሿ ለውጥ ትጠራቀማለች። በዓመቱ መጨረሻ ምቱ፣ የትርታው ጊዜ ባይለወጥ ኖሮ ይደርስበት ከነበረው ሰዓት 1.4 ሰከንድ ይዘገያል። ሁለት ሙሉ ዙር ማለት ነው! በሦስት ወር እንኳ ወደ 90 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ምቱን በአንድ ሚሊሰከንድ ማንበብ ለሚችል ሰው ይህ ትልቅ ነው።

ዋናው ነገር የዙሩ ቁጥር እንዳይጠፋብህ ነው። ዛሬ ለካህ፣ ነገ ድገም። ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ። እያንዳንዱ ልኬት ለቀጣዩ የሚበቃ ትክክለኛነት ይሰጥሃል። መጀመሪያውኑ ሦስት ወር ዘለህ ብትመለስ ግን መካከል ላይ ስንት ጊዜ እንደመታ እርግጠኛ አትሆንም። ከዚያ በተጠበቀውና በደረሰው ሰዓት መካከል ያለውን ቀሪ ልዩነት ሣለው። ቀጥ ብሎ የሚወጣ ወይም የሚወርድ መስመር ከሆነ የትርታው ጊዜ ትንሽ ተሳስቷል። እንደ ቀስት የጎበጠ ከሆነ መዘግየቱን እያየህ ነው። በዓመት አንዴ የሚወጣና የሚወርድ ማዕበል ከሆነ የኮከቡ አድራሻ ነው የተሳሳተው፤ ለዚህ ፐልሳር አንድ አርክሰከንድ (የዲግሪ 3,600ኛ) ስህተት ሁለት ሚሊሰከንድ ያህል ማዕበል ያወጣል። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር አላየሁም። አንድ የነጥብ ሥዕል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይነግርሃል።

መዘግየቱን ካገኘህ በኋላ ዕድሜውና ማግኔቱ የሁለት ደቂቃ ስሌት ናቸው። የትርታውን ጊዜ በዓመት ለሚረዝምበት መጠን እጥፍ ስታካፍል 5.5 ሚሊዮን ዓመት ይወጣል። የማግኔት መስኩ ጥንካሬ ደግሞ 1.2 ትሪሊዮን ጋውስ (የማግኔት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ሁለቱም ኮከቡ በማግኔቱ ብቻ እየዘገየ ነው በሚል ግምት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ስትጽፋቸው ይህን አብረህ ጻፍ።

ብሩህነቱን አሁን ተወው። የታወቀ መጠን ያለው የኖይዝ ምንጭ ከሌለህ ቁጥሩ ትርጉም አይኖረውም። ደግሞም የዚህ ፐልሳር ምልክት በከዋክብት መካከል ባለው ጋዝ ምክንያት ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። በተለይ በ1.4 ጊጋኸርትዝ አንድ ቀን ጎልቶ ታይቶ በሌላው ቀን ሊጠፋብህ ይችላል። ያኔ ዲሹን መፍታት እንዳትጀምር።

እስቲ አሁን ሁለት ነገር ላክልን። አንደኛ፣ የፍሪኩዌንሲና የትርታ ሥዕሉን፣ ዲስፐርሽኑ ሳይስተካከል። ሁለተኛ፣ የመቀበያህ ክሪስታል ከምን ጋር እንደታሰረ። ቢ0950+08ንም አንድ ሰዓት ከለካህልኝ የሰዓትህን ስህተት አብረን እናሰላዋለን።