«ሲነሣ» ወይስ «ከተነሣ በኋላ»?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ብዙ ኮንቴይነሮችን (ፕሮግራሞች ተከልለው ለብቻቸው የሚሠሩባቸውን ክፍሎች) ከአንድ የዶከር ኮምፖዝ ፋይል እናስነሣለን፤ ኮምፖዝ ኮንቴይነሮችን በፋይሉ በተጻፈው መሠረት አብሮ የሚያስነሣ መሣሪያ ነው። ለአዳዲስ ሠራተኞች በማዘጋጀው መመሪያ ላይ «ዳታቤዙ ሲነሣ ድረ ገጹ ይነሣል» ብዬ ጻፍሁ። አራሚያችን «ከተነሣ በኋላ» ብሎ አስተካከለው። የማንኛችን ይሻላል?

መልስ፦ በሰዋስው በኩል ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ መመሪያው ግን በሁለቱም አይድንም።

«ሲ» ቅደም ተከተልን ለአውድ ይተዋል። «ሲበላ ያወራል» አብሮነት ነው፤ «አውቶቡሱ ሲመጣ እንሳፈራለን» ግን ተከታይነት። «ከተነሣ በኋላ» ይህን ብዥታ ያጠራል፤ እስከዚህ ድረስ አራሚው ይመሰገናሉ። ጣጣው ያለው ግሡ ላይ ነው። «ልጁ ተነሥቷል» ስንል ከአልጋው ወርዷል ማለታችን እንጂ ታጥቦና ለብሶ ለትምህርት ቤት ተዘጋጅቷል ማለታችን አይደለም። «ተነሣ» የሚነግረን ጅማሬውን ብቻ ነው።

ኮምፖዝም የሚሠራው በዚሁ ልክ ነው። በፋይሉ ውስጥ «ዲፔንድስ ኦን» («በዚህ ላይ ይመረኮዛል») ከሚለው ሥር የዳታቤዙን ስም ብቻ ካሰፈሩ፣ የሚከበረው ኮንቴይነሮቹ የሚነሡበት ተራ ነው። ዳታቤዙ፣ ለምሳሌ ፖስትግሬስ፣ ገና ራሱን እያሰናዳ ሳለ ድረ ገጹ ተነሥቶ ግንኙነት ሊከለከልና ሊወድቅ ይችላል። «ከተነሣ በኋላ» የሚለውን ያመነ አዲስ ሠራተኛም ጥፋቱን ከይለፍ ቃሉ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ «የዳታቤዙ ኮንቴይነር ከተነሣ በኋላ፣ ዝግጁ መሆኑ ሳይጠበቅ» ብለው ይጻፉ። ረዘም ይላል፤ ይርዘም።

ለዳታቤዙ የጤና ፍተሻ ጽፈው «ሰርቪስ ሄልዚ» («አገልግሎቱ ጤነኛ ነው») የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ካከሉበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ «ዳታቤዙ ጥያቄ ለመቀበል መዘጋጀቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ድረ ገጹ አይነሣም» ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ አሉታዊውን ግሥ የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ «ይጠብቃል» ምን እንደሚጠብቅ ሌላ ማብራሪያ ይሻል፣ «እስኪ... አይነሣም» ግን በሩን ዘግቶ ይናገራል።

ከላኩልኝ ገጽ ላይ ሌላም አየሁ፦ «ዳውን የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ያጠፋል»። አማርኛ መብራትንም ፋይልንም በአንድ ግሥ ስለሚያጠፋ አንባቢዎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ትእዛዙ ኮንቴይነሮቹን አቁሞ ኮምፖዝ ከፈጠረው ኔትወርክ ጋር ያስወግዳል፤ ስም የተሰጣቸው ቮልዩሞች (የኮንቴይነሮቹ መረጃ የሚቀመጥባቸው ማከማቻዎች) ግን «ቪ» የሚለው አማራጭ ካልታከለበት ከነመረጃቸው ይቀራሉ። «አቁሞ ያስወግዳል» ይበሉ፤ «ይሰርዛል» የሚለውን ደግሞ ለ«ቪ» ያቆዩት።