ሰባኪ የሚዘላቸው ገጾች፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ አብርሃምና ይስሐቅ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። ግማሹ ምርቃት፣ ግማሹ ቁጣ ነው። አምስት ጥያቄ መርጫለሁ። ጅማ ዛሬም ዝናብ ነው፤ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ።

ጥያቄ፦ ቆጪ አካባቢ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። 1ኛ ሳሙኤል 15ን ሳነብ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ «ሕፃናቱ ምን አጠፉ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

«ምንም አላጠፉም» ይበሏት። ታሪኩን ለማያስታውስ፦ ሳኦል አማሌቃውያንን ወንድ፣ ሴት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ሳይል እንዲፈጅ ይታዘዛል። ምክንያቱ እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ አማሌቅ መንገድ ላይ ስለመታቸው ነው። ያ የሆነው ከሳኦል ብዙ ትውልድ በፊት ነው። ሳኦል ንጉሡን አጋግንና የሰቡትን በጎች አስቀረ። ሳሙኤል መጣና ይህ የምሰማው የበጎች ድምፅ ምንድን ነው አለ። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ጋ ነው። ሳኦል የሚጠየቀው ስለ በጎቹ ነው። ሕፃናቱን የሚያነሳቸው የለም።

«ቢያድጉ ክፉ ይሆኑ ነበር» የሚል መልስ የተለመደ ነው። እባክዎ እሱን አይንገሯት። ጎረቤት በጎረቤቱ ልጅ ላይ ይህንኑ ሲል ሰምተናል። ይልቅ ሕዝቅኤል 18ን አብራችሁ ክፈቱ፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። መጽሐፉ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ልጅቷም ትግባበት። ደግሞ የዚያኑ የ1ኛ ሳሙኤልን ምዕራፍ 30 ያሳይዋት። አለቁ የተባሉት አማሌቃውያን ተመልሰው ጺቅላግን ያቃጥላሉ። «ጠላትን ደመሰስን» የሚል ወሬ ምን ያህል እንደሚታመን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ በመጽሐፈ ኢያሱ «እርም» የሚለው፣ እኛ «እርሜ ነው» የምንለው ነው?

ዘመዱ ነው። ጅማ ላይ ማስረዳቱ ይቀላል፦ ሙስሊም ጎረቤትህ «ሐራም» የሚለው፣ የግዕዙ «ሕርም»፣ የዕብራይስጡ «ሔሬም»፣ ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የተለየ፣ የማይነካ ማለት ነው። ኢያሪኮ እርም ሆነች ሲባል ግን ለአምላክ ተለይታ ሰውም ከብትም በሰይፍ አለቀ ማለት ነው። እንዲህ የሚፎክረው እስራኤል ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1868 በዛሬዋ ዮርዳኖስ አንድ ድንጋይ ተገኘ። በላዩ የሞዓቡ ንጉሥ ሜሻ 7,000 እስራኤላውያንን ለአምላኩ እንደፈጀ በዚያው ቃል ይናገራል። አምላኩ ሌላ፣ ፉከራው አንድ።

የእንግሊዟ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ካትሊን ኬንየን እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1958 ኢያሪኮን ቆፍራ፣ ኢያሱ ነበረበት በሚባለው ዘመን የሚፈርስ ቅጥር አላገኘችም። «እፎይ፣ አልተደረገም» የሚሉ አሉ። እኔ እፎይ አላልኩም። የተጻፈው እንደ ገድል ነው፣ የተነበበውም እንደ ገድል ነው።

ጥያቄ፦ ኤልሳዕን «ራሰ በራ» ስላሉት 42 ልጆችን ድብ ሰባበራቸው የሚባለው እውነት ተጽፏል?

አዎ፣ 2ኛ ነገሥት 2፥23-24። «ልጆች ሳይሆኑ ጎረምሶች ናቸው» ይባላል። ቢሆኑስ? እኔም ራሰ በራ ነኝ። የባጃጅ ረዳት ሁሉ ይቀልድብኛል፤ ድብ ጠርቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዘጸአት 21፥20-21 ባሪያን ስለመምታት የሚለውን አንብቤ ደነገጥኩ።

መደንገጥህ ጤና ነው። ባሪያው በበትር ተመትቶ እዚያው ቢሞት ጌታው ይቀጣል። አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ግን አይቀጣም፤ ገንዘቡ ነውና። ወዲህ ደግሞ ዘዳግም 23 ከጌታው የኮበለለን ባሪያ መልሰህ አትስጥ ይላል። ይህን ጥያቄ ከጅማ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። በሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ይሸጥ የነበረው ቡና ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር። ሰሜን ያሉት ክርስቲያን መሳፍንትም ባሪያ ነበራቸው፤ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ባሪያ አንቀጽ አለው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን ባሪያ ሆነህ አንብበው፤ የምትቆጥረው ቀን ይለወጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ በየጠዋቱ ዳዊት ይደግማሉ። የባቢሎንን ሕፃናት ድንጋይ ላይ የሚፈጠፍጥ ብፁዕ ነው የሚለው ጋ ሲደርሱ ይከብደኛል።

136ኛው ነው፤ በዕብራይስጥ አቆጣጠር 137። ከጥንቱ የክርስትና መምህር ከኦሪገን ጀምሮ ሊቃውንት ሕፃናቱ ገና የተወለዱ ክፉ ሐሳቦች ናቸው፣ ድንጋዩም ክርስቶስ ነው ብለው ተርጉመውታል። ያምራል። ግን ለጻፈው ሰው የታየው ሐሳብ አልነበረም። ከተማው ተቃጥሎ፣ ተማርኮ፣ «እስቲ ዝፈን» እየተባለ የሚሾፍበት ሰው ነው። ትእዛዝ አይሰጥም፤ ይረግማል። ልቅሶ ቤት ሰው ስንት ነገር ይናገራል፣ ማን ይይዝበታል? እኛ ግን ከልቅሶው አውጥተን በየማለዳው እንደግመዋለን።

አያቴ እዚያ መስመር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው አረፉ። አንቺ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ የሚሉሽን ጻፊልኝ።