«ትምክህተኛ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ድሬዳዋ ውስጥ በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ። ሰው ስቀጥር፣ ቅሬታ ስሰማ፣ የተጣላ ሳስታርቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ እንደ ጠጠር ስለምትወራወሩት ቃል ልጻፍላችሁ፤ «ትምክህተኛ» ስለሚባለው።

መመካት በራሱ ነውር አይደለም። «የሚመካ በጌታ ይመካ» ይላል መጽሐፉ። ልጅ በእናቱ፣ ባለሙያም በእጁ ይመካል። ፖለቲካው ግን ቃሉን ወስዶ ፈረንጅ «ሾቪኒዝም» የሚለውን፣ የራስን ወገን ከሌላው ሁሉ በላይ ማድረግን፣ አሸከመው። በኢሕአዴግ ጊዜ «ትምክህትና ጠባብነት» ተጣምረው የማይነሱበት ስብሰባ ብርቅ ነበር። ያኔ ቃሉ ፍርድ ሆነ። የፈረንሳይኛው ምንጭ ሾቨን የሚባል የናፖሊዮን ወታደር ነው ይባላል፤ ሰውየው በእርግጥ መኖሩን የታሪክ ሰዎች ይጠራጠራሉ። ምናልባት በሌለ ሰው ስም ስንቱ ተሰደበ!

ነገሩ ግን አለ። አንድ ጊዜ የመካኒክ ቅጥር ላይ ነበርን። ልጁ የተበላሸውን ሞተር እፊታችን ፈቶ ገጠመው። አንዱ የኮሚቴ አባል «አማርኛው ይሰባበራል» ብሎ ሊጥለው ፈለገ። ሞተር ቋንቋ ይመርጣል እንዴ? ትምክህት ማለት ይኼ ነው፤ የራስን አነጋገር ለሰው ሁሉ መለኪያ ማድረግ። በሌላ ቀን ደግሞ ሌላው ተነሥቶ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገውን ባልደረባውን «አንተ መጤ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለው። ይኼኛውን ትምክህት የሚለው ሰው አላገኘሁም፤ ለእኔ ግን ያው ነው። «ሴት ምን ታውቃለች» የሚለውም ከዚያው ጎራ ነው።

እኛ ድሬዎችም አንድ ነገር አለን። «አቦ፣ እኛ ዘር አንቆጥርም» እያልን በሌላው ከተማ ላይ እንኮፈሳለን። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ ሁሉ ኖሮባታል። እውነት ነው። ግን ሰፈሮቻችን «ከዚራ» እና «መጋላ» ተናንቀው አያውቁም ያላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

ስለዚህ ቃሉን ለሕዝብ አትስጡት፤ ሕዝብ በጅምላ ትምክህተኛ አይሆንም። ለግለሰብም ቢሆን ቆጥቡት። «ትምክህተኛ!» ካላችሁት ይሰድባችኋል፣ እዚያው ያበቃል። «ልጁን በአነጋገሩ ነው የጣልከው» ካላችሁት ግን መልስ መስጠት አለበት። ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍረውም ይኼኛው ነው።