ኩላሊት ለተተከለላችሁ ልጆች፣ ከአንድ ያረጀ ፋርማሲስት

ስሙኝማ ልጆች፣ እኔ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ መድኃኒት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድሮ ታክሮሊመስ፣ ማለትም ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰደው መድኃኒት፣ የሚል ማዘዣ ይዞ የሚመጣው ህንድ ምናምን ሄዶ የተተከለለት ነበር፣ በ2008 ጳውሎስ ሆስፒታል እዚሁ ሲጀመር ግን የእናት የወንድም ኩላሊት የተቀበሉ እንደናንተ ያሉ ልጆችም መምጣት ጀመሩ።

እና አንድ ቀን አንዱ ልጅ እያሳለ መጣ፣ ወረፋም ነበር፣ ሌላ የምትወስደው አለ ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጠሁት። እሱም ሰው እንዳይሰማበት ነው መሰለኝ ዝም አለ። በሳምንቱ እጁ እየተንቀጠቀጠ መጣ፣ ክሬቲኒኑም (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፣ ሲጨምር ኩላሊቱ መድከሙን ያሳያል) ጨምሯል። ለካ ክላሪትሮማይሲን ጉበት ታክሮሊመስን እንዳያስወግደው ስለሚይዘው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተከማችቶ ኖሯል። ሳሉ ደግሞ የቫይረስ ቢሆን ኖሮ አንቲባዮቲኩ ምንም አይሰራለትም ነበር! ጥፋቱ የኔ ነው፣ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታክሮሊመስ ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ያዳክማል፣ አዲሱን ኩላሊት ባዕድ ነው ብለው እንዳይነሱበት። ቫይረስ የሚጠብቁላችሁም እነዛው ራሳቸው ናቸው እኮ። ቫይረሱ ደግሞ የግድ ከውጭ አይመጣም፣ ሲኤምቪም ቢኬም የሚባሉት ቫይረሶች ብዙዎቻችንን በልጅነት ይዘውን ሰውነታችን ውስጥ የተኙ ናቸው፣ ቢኬማ የሚተኛው እዛው ኩላሊት ውስጥ ነው። ጥበቃው ሲላላ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳትም ህመምም የለው፣ ክሬቲኒን ብቻ ቀስ እያለ ይወጣል። ለሲኤምቪ ቫልጋንሲክሎቪር አለ፣ ለቢኬ ግን ይሄ ነው የሚባል መድኃኒት ስለሌለ ሐኪሙ የሚያደርገው ታክሮሊመሱን ወይ እንደሱ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ማይኮፌኖሌት ቀንሶ ቲ ሴሎቹ እስኪነቁ መጠበቅ ነው።

ይሄን ሰምታችሁ ታዲያ እኔም ልቀንስ እንዳትሉ! ሰውነት ኩላሊቱን ሲገፋም የሚጨምረው ያው ክሬቲኒን ነው፣ ያኔ ደግሞ መድኃኒቱ ይጠነክራል እንጂ አይቀነስም። ሁለቱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው፣ አንዳንዴም ከኩላሊቱ ናሙና እስከመውሰድ ይደረሳል። ሐኪሙ ራሱ የሚቸገርበትን ነገር እናንተ ቤት ቁጭ ብላችሁ በግምት አትወስኑትም። ደግሞ ለታክሮሊመስ መጠን ደም የምትሰጡ ቀን የጠዋቱን ክኒን ሳትውጡ ሂዱ፣ ውጣችሁ ከሄዳችሁ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣና ሐኪሙን ያሳስታል። የቢጫ ወባ፣ የኩፍኝ የመሳሰሉት ህያው ክትባቶችም ለናንተ አይሆኑም፣ ለጉዞ ተብሎ ሊሰጣችሁ ቢሆን እንኳን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ማንም ባይጠይቃችሁም ንቅለ ተከላ እንዳደረጋችሁ ራሳችሁ ተናገሩ፣ ምን ያሳፍራል? ያ ልጅ ደህና ነው፣ አሁንም ይመጣል። ፕላስተር ሊገዛ ገብቶ እንኳን ገና ከበሩ «ጋሼ፣ ኩላሊት ተተክሎልኛል!» ይለኛል፣ ወረፋው ሁሉ ዞሮ ያየዋል።