የካሳው ገንዘብና የቤከር ማኬንዚ ስም

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስድስት ኪሎ የሕግ አምስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ሕልምሽ ቤከር ማኬንዚ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥብቅና ቢሮ መግባት ነው። ፒያሳ የነበረው ቤታችሁ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ የተከፈለውን ካሳ አባትሽ ለለንደን ማስተርስሽ ሊያወጡት ቆርጠዋል። ቨርጂንያ ያሉት አጎትሽም «ስም ያለው ቢሮ ካልገባሽ ሕግ መማርሽ ከንቱ ነው» ብለውሻል። ከዚህ ሌላ ስለ መውጫ ፈተናው፣ ስለ እንግሊዝኛሽና ዳኛ ስለ መሆን ጠይቀሽኛል።

ቁርጡን ልንገርሽ፤ ያ ገንዘብ መነካት የለበትም። በምትኩ በተሰጣችሁ ቦታ ላይ ቤት የሚቆምበት ገንዘብ ነው። አባትሽ ይህን ያሰቡት ስለሚወዱሽ ነው፤ ግን እናትሽንና ታናናሾችሽን ኪራይ ቤት አስቀምጦ ለአንድ ዓመት ዲግሪ መክፈል ትክክል አይደለም። ይህን ልትነግሪያቸው የሚገባሽም አንቺ ነሽ።

ደግሞም ማስተርሱ ብቻውን ለንደን ላይ ጠበቃ አያደርግሽም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ሶሊሲተር (የአገሩ ባለፈቃድ ጠበቃ) ለመሆን የተዘረጋው መንገድ በሁለት ደረጃ የሚሰጥ ፈተና አለው፤ ከአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ይዞ ላልመጣ ሰው ደግሞ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጨመርበታል። ትልልቆቹ ቢሮዎች ሠልጣኞቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ቀድመው ነው የሚመርጡት። አንቺ ማመልከቻ ስትጽፊ ካሳው ያልቃል።

አሁን ወደምትወጂው ቢሮ ታሪክ እንምጣ፤ አጎትሽ የሚያውቁት ስሙን ነውና። ራስል ቤከር ከኒው ሜክሲኮ ወደ ቺካጎ የመጣ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ትንሽ ቢሮ ከፈተ። ደንበኞቹ ባንኮች አልነበሩም። በከተማው እየበዙ ለነበሩት የሜክሲኮ ተወላጆች ነበር የሚሟገተው። በዚያ በኩል የውጭ አገር ጉዳይ ለመደ፣ ቆይቶም አቦት የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ደንበኛው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1949 ታክሲ ውስጥ ከተዋወቀው የችሎት ጠበቃ ከጆን ማኬንዚ ጋር ዛሬ የምታውቂውን ቢሮ አቋቋሙ፤ በ1955 የመጀመሪያውን የውጭ ቅርንጫፍ ካራካስ ላይ ከፈቱ። ልዩ ያደረገው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፦ በየአገሩ የአሜሪካ ጠበቃ ከመላክ ይልቅ የአገሩን ሕግ የሚያውቅ የአገሩን ሰው ይቀጥር ነበር። የቀድሞ ተፎካካሪዎቹ በዚህ ምክንያት እንደ ሃምበርገር ሰንሰለት ቆጥረው ያናንቁት ነበር። እኔ ግን ትልቅ ያደረገው ይኸው ይመስለኛል።

በደብዳቤሽ ያነሳሻቸው ፈረንሳዊቷ ጠበቃ ክሪስቲን ላጋርድም እ.ኤ.አ. በ1981 የገቡት ፓሪስ ወዳለው ቢሮ ነው፤ በአገራቸው፣ በአገራቸው ሕግ። እ.ኤ.አ. በ1999 የቢሮው የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀመንበር ሆኑ። የቢሮው ስም ንጹሕ ብቻ እንዳልሆነም እወቂ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንዲት ጸሐፊ በጾታዊ ትንኮሳ ከስሳ ቢሮው ላይ 6.9 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ተፈረደ፤ በኋላ ዳኛው በግማሽ ያህል ቀንሰውታል። እንደ ሴትም እንደ ሠራተኛም ልታውቂው ይገባል።

የውጭ የጥብቅና ድርጅት እዚህ መጥቶ በራሱ ስም ችሎት ሊቆም አይችልም፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለኢትዮጵያውያንና ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው። ስለዚህ የለንደን ወይም የጆሃንስበርግ ቢሮ እዚህ ገንዘብ የሚያስገባ ደንበኛ ሲይዝ አዲስ አበባ ላለ ጠበቃ ይጽፋል፦ ከውጭ የመጣው ብድር ብሔራዊ ባንክ ተመዝግቧል ወይ? በማሽኖቹ ላይ የተያዘው ዋስትና በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተመዝግቧል ወይ? ይህን መልሶ በጊዜው በጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይፈለጋል። የጥብቅና አዋጁ 1249/2013 ጠበቆች ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ፣ በተለይ በ2017 የባንክ አዋጁ ለውጭ ባንኮች በሩን ከከፈተ በኋላ፣ ይህ ሥራ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ መዝገብ ተሸክሜ ሬጅስትራር ፊት እየቆምኩ፣ የክስ መልስ እየጻፍኩ ነው። ኋላ ባንክ ስገባ የጠቀመኝ ያ ነበር፤ ውል የሚፈርሰው የት ላይ እንደሆነ ችሎት ላይ አይቼዋለሁ። አንቺም በንግድ ጉዳይ የሚሠራ፣ ከውጭ ቢሮዎች ጋር የሚጻጻፍ የአዲስ አበባ ድርጅት ፈልጊ፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ግቢ። የፌዴራል ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች በየሳምንቱ አንብቢ፤ አምስት ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ የውጭ ጠበቃም የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ሦስትና አራት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ማስተርስ ካማረሽ በነጻ የትምህርት ዕድል ተወዳደሪ። ያኔ የምታሳዪው ሥራ ይኖርሻል።

የመውጫ ፈተናውን አሁኑኑ ከጓደኞችሽ ጋር ማጥናት ጀምሪ። የእንግሊዝኛ አነጋገርሽ አያስጨንቅሽ፤ አጻጻፍሽ ላይ ሥሪ። ዳኝነቱን ጥቂት ዓመት ከሠራሽ በኋላ አስቢበት።

አጎትሽ በእውነት መርዳት ከፈለጉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ደመወዝሽ ለታክሲና ለምሳ አይበቃሽም። ያንን እንዲሸፍኑልሽ በግልጽ ጠይቂያቸው።