መልስ፦ ስላይድ ጊታር ከማን ልጀምር?
ወንድሜ፣ «ስላይድ ጊታር ለመስማት ከማን ልጀምር?» ላልከው (ስላይድ ማለት ጣት ላይ የሚጠለቅ ጠርሙስ ወይም ቱቦ በክሮቹ ላይ እያንሸራተቱ መጫወት ነው)፣ ሳላመነታ አሜሪካዊው ጊታሪስት ዱዌይን ኦልማን እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 ገና በ24 ዓመቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው ባዶ የጉንፋን መድኃኒት ጠርሙስ ነበር። ጊታሩን ብዙ ጊዜ በክፍት ኢ (ክሮቹ ሳይያዙ ሲመቱ የኢ ኮርድ እንዲሰጡ) ይቃኝ ነበር፤ ያለ ፒክ (የክር መምቻ) በጣቶቹ እየመታ የማይፈልጋቸውን ክሮች ስለሚያፍን ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ዴሪክ ትራክስ በዚሁ መንገድ ቢሄድም የሕንዱን የሳሮድ (ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ሊቅ የዓሊ አክባር ኻንን ተጽዕኖ ስላከለበት ጊታሩ እንደ ሰው ያንጎራጉራል። ኤልሞር ጄምስ ሻካራና ኃይለኛ ነው፤ አንዷን ዜማ ደጋግሞ ቢጫወታትም አይሰለችም። ቦኒ ሬይትንም አትዝለል። ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን በ1927 የቀረጸው ቃል አልባ ማንጎራጎር ግን ለብቻው ነው፤ በ1977 ከቮዬጀር የጠፈር መንኩራኩር ጋር ወደ ጠፈር የተላከው ይኸው ቅጂ ነው። ማታ ስማው።