ፕሮፖዛሌን ሰጠኋቸው፣ ጨረታ አድርገው አወጡት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የብረታ ብረት ሥራ ባለሙያ ነኝ። እንደሚያውቁት በእኛ አካባቢ አፈሩ በአሲድ ተጎድቶ ገበሬው ኖራ እየበተነ ነው የሚዘራው። በእጅ ሲበተን አንዱ ጋ ይከመራል፣ ሌላው ጋ አይደርስም፣ ብናኙም ዓይንና ደረት ይጎዳል። በበሬም በትራክተርም የሚጎተት መበተኛ ሠራሁ። ከነሥዕሉ፣ ከነወጪው፣ ቀበሌዎች በየተራ ከሚጠቀሙበት እቅድ ጋር ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማንም ሳይጠይቀኝ ፕሮፖዛል አስገባሁ። «ጥሩ ነው፣ እናየዋለን» አሉኝ። ቆይተው ጨረታ አወጡ። ሰነዱን ሳየው ልኬቱ የእኔ ነው፤ የሣልኩት ሥዕል ሳይቀር አለበት። አሸናፊው ግን ሌላ ድርጅት ነው። ስጠይቃቸው «አንተ ሐሳብ ሰጠኸን፣ መንግሥት ደግሞ የሚገዛው በጨረታ ነው» አሉኝ። መብት አለኝ ወይስ አፌን ይዤ ልቀመጥ?

መልስ፦ አፍህን ይዘህ አትቀመጥ ወንድሜ። ግን መጀመሪያ ያንተ የሆነውንና ያልሆነውን እንለይ፤ ብዙ ሰው እውነት ይዞ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ አፈር አሲዳማ መሆኑ የማንም ምስጢር አይደለም። ኖራ መድኃኒቱ እንደሆነም ገበሬውም ባለሙያውም ያውቃል። «በእጅ ከሚበተን በማሽን ይሁን» የሚለው ሐሳብስ? እሱም ብቻውን ያንተ ንብረት አይሆንም። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ዘዴንና አሠራርን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ጽሑፍና ሥዕል ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ኖራ መበተኛ ለመግዛት ጨረታ ማውጣቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። መንግሥት የሚገዛው በጨረታ ነው ያሉህም ልክ ነው። ልክ ያልሆነው፣ በጨረታ ስለሚገዛ ብቻ ያንተን ሥዕል ገልብጦ ለተወዳዳሪዎችህ ማደል ይችላል ማለታቸው ነው።

ሥዕሉ ያንተ ነው። የቅጂ መብት ደግሞ ሥራው ከተሠራ ጀምሮ ያለ ነው፤ አላስመዘገብክም ተብሎ አይጠፋብህም። ከዚያ የንግድ ምስጢር አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላን ነጋዴ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ፣ ከመልካም የንግድ ልማድ ውጭ መግለጽን፣ መያዝንና መጠቀምን ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ይለዋል። ይህ በተለይ የማን ሥራ እንደሆነ እያወቀ በልኬትህ የሠራውን ድርጅት ይመለከታል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፕሮፖዛሉ ላይ «ምስጢር ነው፣ ለግምገማ ብቻ» ብለህ ጽፈህ ነበር? በደብዳቤህ ላይ አላየሁትም። ካልጻፍክ መብትህ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ግን «ምስጢር መሆኑን በምን እናውቅ?» ይሉሃል፣ ክርክሩም በጣም ይከብዳል። በአሜሪካ የፌደራል ግዥ ደንብ ሳይጠየቅ ለሚቀርብ ፕሮፖዛል ራሱን የቻለ ክፍል አለ። አቅራቢው በመጀመሪያው ገጽና ምስጢር ባለበት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። የመንግሥት ሠራተኞችም አቅራቢው ተነግሮት ካልተስማማ በቀር ፕሮፖዛሉን የሌላ ጨረታ መነሻ ማድረግ አይችሉም፤ መረጃው ከሌላ ቦታ በነፃ የሚገኝ ከሆነ ግን ክልከላው አይሠራም። ይህ የእነሱ ሕግ ነው፣ እኛን አይገዛንም። ማስጠንቀቂያውን መጻፍ ግን እዚህም ማንም አይከለክልህም!

አንዳንድ ሰው «የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ አለልህ» ሊልህ ይችላል፤ 1076/2010ን ማለቱ ነው። እሱ የመሠረተ ልማት ፕሮጀክትን ለመሰለ ረጅም ውል የወጣ ነው፤ ያንተ ጉዳይ ተራ የዕቃ ግዥ ስለሆነ በእሱ ጊዜ አታጥፋ።

ይልቅ መዝገብ ቤት ገቢ የተደረገበት ቀንና ቁጥር ያለበትን ኮፒህን አውጣ። ከሌለህ ከገቢ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍልህ በደብዳቤ ጠይቅ፤ በቃል ጠይቀህ አትመለስ። ቀጥሎ የጨረታውን ሰነድ ከፕሮፖዛልህ ጎን አስቀምጥና ገጽ በገጽ አስተያይ። «ሐሳቤን ወሰዱ» ብለህ ብትከስ ወዲያው ይመልሱልሃል። «የእኔ ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ከነልኬቱ በእናንተ ሰነድ እዚህ ገጽ ላይ አለ» ስትል ግን ማምለጫ ይጠብባቸዋል። ይህን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርብ፣ ግልባጭ ለክልሉ የግዥ ተቆጣጣሪ። በግዥ ሕግ ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፣ የሚያቀርበውም ተወዳዳሪ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ ጨረታው ውስጥ ካልገባህ ዋናው መንገድህ የካሣ ክስ ይሆናል፤ ለዚያ ጠበቃ ያዝ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ በገዛ ገንዘቡ የሚሠራ ወጣት እንዲህ ከተደረገ ነገ ማን ወረቀት ይዞ ወደ ቢሮ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሰዎች ሳንጠይቃቸው ፕሮፖዛል ያመጣሉ፤ ከዚያ ተመሳሳይ ዕቃ ስንገዛ «ሰረቃችሁኝ» ይላሉ። እኛስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። አንዳንዱ አቅራቢ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር አምጥቶ የእኔ ነው ይላል፤ ያ እናንተን አያስርም። ራሳችሁን የምትጠብቁት በወረቀት ነው። ፕሮፖዛሉ ከመምጣቱ በፊት ፍላጎቱ በእቅዳችሁ ውስጥ ከነበረ ቀኑን የሚያሳይ ሰነድ ያዙ። ስፔሲፊኬሽኑን፣ ማለትም የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር መግለጫ፣ የራሳችሁ ባለሙያ ከሥራው ፍላጎት ተነሥቶ ይጻፈው፤ ማሽኑ ምን መሥራት እንዳለበት እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አይዘርዝር። ፕሮፖዛሉን የገመገመው ሰውና ስፔሲፊኬሽን ጻፊው ባይገናኙ ይመረጣል፤ ሰው ያየውን ሥዕል ከጭንቅላቱ ማውጣት አይችልም። የማትፈልጉትን በደብዳቤ መልሱ። ሌላ ሰው «ያንን ፕሮፖዛል አሳዩኝ» ብሎ ቢመጣም አትቸኩሉ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብትን ቢሰጥም የሦስተኛ ወገንን የንግድ መረጃ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ከጣና ላይ እምቦጭ የሚያጭድ መሣሪያ አስቤያለሁ። መጀመሪያ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ላውጣ ወይስ ፕሮፖዛሉን ላስገባ?

መልስ፦ የፓተንቱ ማመልከቻ ይቅደም። ወደ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ሄደህ አመልክት፤ ሰርተፊኬቱ እስኪመጣ መጠበቅ የለብህም፣ ዋናው የማመልከቻህ ቀን ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት 15 ዓመት ነው፣ በ5 ሊራዘም ይችላል። በነባር ማሽን ላይ ማሻሻያ ከሆነ የግልጋሎት ሞዴል፣ ማለትም ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው መብት፣ ይበቃህ ይሆናል፤ እሱ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል። ከዚያ ለቢሮው የምታስገባው ወረቀት መሣሪያው በሰዓት ስንት እንደሚያጭድ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልግና ዋጋውን ይንገር። የውስጥ አሠራሩን ሥዕል የምስጢር ስምምነት እስኪፈርሙልህ ድረስ ቤትህ አቆየው።